ቆማ የከረመች ጀልባ

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞችና ከአብያተ ክርስቲያናት የተላኩ ተወካዮች በተገኙበት ስብሰባ ላይ፣ የጀልባና የሞተር ጥገና ኃላፊ የሆኑት ወንድማችን ያደረጉት ንግግር ነው።)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ስለ ሞተር ነው። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ሞተር ፈትታችሁ እንደማታውቁ ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ጀልባዋ የተገዛችው በእናንተ መዋጮ ስለሆነ፣ ስትሠራም ሆነ ስትቆም ምክንያቱን ማወቅ ይገባችኋል። የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ የምናገረውን ነገር ነገ በእጃችሁ የምትሠሩት ነውና በጥሞና እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ጀልባችን ከአንድ ዓመት በላይ ከውሃ ወጥታ በዳርቻው ቆማ ከረመች። እንደገና ሥራ እንድትጀምር በተወሰነ ጊዜ፣ በደቅ ደሴት የክትባት ቀን ተቀጥሮ ስለ ነበር ሁላችንም ቸኮልን። እኔም ባትሪውን አስሞላሁ፣ ቤንዚን ጨመርሁ፣ ሞተሩ ሲነሣ ሰማሁና «ደኅና ናት፣ እንሂድ» አልሁ። ነርሷ የክትባቱን ሣጥን ይዛ ተሳፈረች። ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን ሞተሩ ጉልበት አነሰው፤ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ፤ ቀጥሎም ጸጥ አለ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ከጎን ይመታን ጀመር። የነበረን መቅዘፊያ አንድ ብቻ ነው። ነፋሱ ወደ ሸምበቆው ገፍቶን ሌሊቱን እዚያው አደርን፤ በማግስቱ ዓሣ አጥማጆች አግኝተው ጎትተው አወጡን። ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ የነበረው በረዶ ስለ ቀለጠ ክትባቱ ተጣለ። ልጆቻቸውን አዝለው ቀኑን ሙሉ የጠበቁ እናቶችም ሳይከተቡላቸው ወደየቤታቸው ተመለሱ።

በኋላ ሞተሩን ስፈታው ጥፋቱ ከመዳፌ የማይበልጥ አንድ የጎማ ዕቃ ሆኖ አገኘሁት። አሥር ደቂቃ ቆሜ ብመለከት ኖሮ በዳር ሳለሁ ዐውቀው ነበር። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት እኔን አይተው ይመስለኛል።

እንግዲህ መጀመሪያ ልንረዳው የሚገባን ነገር ይህ ነው፦ የቆመ ሞተር ዐርፎ የተቀመጠ ሞተር አይደለም። ሰው ሳይነካው ይበላሻል። ቤንዚን በጥቂት ወራት ውስጥ ያረጃል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭም ይተዋል። ጎማ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብረት በእርጥበት ይዝጋል። አይጥ ሽቦ ትቆርጣለች፤ ተርብ በቱቦ አፍ ላይ ቤቷን ትሠራለች። ስለዚህ ጀልባ ከቆመችበት ስትነሣ እንደ አዲስ ዕቃ ሳይሆን ከሕመም እንደ ተነሣ ሰው ቀስ ብለን ልንይዛት ይገባል።

ሥራውን በቅደም ተከተል እንመልከት።

አንደኛ፣ ከሞተሩ በፊት ጀልባዋን እዩ። ውሃ የሚፈስበት ቀዳዳ ውታፍ በቦታው መኖሩን አረጋግጡ። ይህን ረስተው ጀልባቸውን ከዳር ሳይርቁ ያሰጠሙ ብዙዎች ናቸው። ሞተሩ የታሰረባቸውን ብሎኖች አጥብቁ፤ የተሰካበትም እንጨት በስብሶ እንደ ሆነ በጣታችሁ ተጭናችሁ እዩ። መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያለ ችግር መዞሩን ሞክሩ፤ ደርቆ ከሆነ ግራሶ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን ቤንዚን አውጡ። «ከአዲሱ ጋር ቢቀላቀል ምን አለበት?» የሚል ሰው አይታጣም። አለበት። ዝቃጩ በካርቡሬተር ውስጥ ያሉትን እንደ መርፌ ቀዳዳ የቀጠኑ መንገዶች ይዘጋል። ታንኩን እጠቡት፣ የነዳጁን ፊልትሮ ለውጡ፣ ቱቦውን እጠፉትና ስንጥቅ ካለው ጣሉት። የእኛ ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ልኩም ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ነው። ይኸውም ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ዘይቱ ለጀልባ ሞተር የተሠራ ይሁን። የሌላ ሞተር ኃላፊ የሆናችሁ ግን የሞተራችሁን መጽሐፍ ተመልከቱ፤ ባለ አራት ምት ከሆነ ዘይት ከቤንዚን ጋር አይቀላቀልም።

ሦስተኛ፣ ካንዴላውን ፍቱ። ካንዴላ ብዙ ይናገራል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ይሠራ ነበር ማለት ነው። ጠቁሮ ከረጠበ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቶበታል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ሞቋል። ካንዴላው ወጥቶ ሳለ ሞተሩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አልዞር ካለ በኃይል አትሳቡ፤ ፒስተኑ በዝገት ተይዞ ሊሆን ይችላል። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ አሳድሩትና በማግስቱ እንደገና ሞክሩ። ትዕግሥት ያጣ ሰው በዚህች ቦታ ላይ ሞተር ይሰብራል።

አራተኛ፣ የታችኛውን የማርሽ ዘይት እዩ። የታችኛውን ብሎን ስትፈቱ የሚወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ የውሃ መከላከያው ጎማም አርጅቷል ማለት ነው። አዲስ ዘይት የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ነው፤ በላይኛው ቀዳዳ ሲወጣ ሞልቷል። ከላይ ወደ ታች ቢሞላ አየር ታፍኖ ይቀራል። የብሎኖቹንም ጓርኒሲዮን ለውጡ።

አምስተኛ፣ እኔን ያሰጠመኝን ነገር ላሳያችሁ። ይህ በእጄ የያዝሁት የጎማ መዘውር ውሃ ከሐይቁ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ነው። ክንፎቹ በቤታቸው ውስጥ ታጥፈው ስለሚቀመጡ፣ ለብዙ ወራት ሳይዞሩ ሲቀሩ ታጥፈው ይደርቃሉ። ተመልከቱ፣ ሁለቱ ክንፎች ጨርሰው ተቆርጠዋል። ስለዚህ ጀልባ ዓመት ከቆመች ይህን መዘውር ሳትጠይቁ ለውጡ። ደግሞም ሞተሩን ያለ ውሃ በደረቁ በፍጹም አታስነሡ፤ ይህ ጎማ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሙከራው በዳር ይሁን። ፕሮፔለሩን ፈታችሁ የሞተሩን እግር ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አስገቡ፤ ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ይሸፍን። ሞተሩ እንደ ተነሣ ዐይናችሁ አንድ ቦታ ላይ ይሁን፦ በጎኑ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ የሚወጣውን ውሃ ተመልከቱ። ውሃው ካልወጣ ወዲያውኑ አጥፉ። ያን ቀን ይህን ክር አይቼ ቢሆን ኖሮ እናቶቹ በከንቱ ባልጠበቁ ነበር።

አሁን ደግሞ ሞተሩ አልነሣ ሲል ምን እናድርግ? ብዙ ሰው ካርቡሬተሩን ለመፍታት ይሮጣል። ይህ ትክክል አይደለም። ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ይገባል። የማጥፊያው ገመድ በቦታው ተሰክቷል? ማርሹ ነጻ ላይ ነው? የታንኩ መተንፈሻ ተከፍቷል? በቱቦው መካከል ያለው የጎማ ፓምፕ ላይ የተቀረጸው ቀስት ወደ ሞተሩ ያመለክታል? ፓምፑን ስትጨምቁት መጠንከር አለበት። ላልቶ ከቀረ ቱቦው አየር ይስባል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ጠፍጥፎ ከቀረ ደግሞ ከታንኩ በኩል ተዘግቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተረሳው ያ መተንፈሻ ነው።

ነዳጁ ከደረሰ በኋላ እሳቱን መርምሩ። መጀመሪያ የፈሰሰውን ቤንዚን ጠርጋችሁ ጭሱ እስኪበተን ጠብቁ። ከዚያ ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አያይዛችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩ፣ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ ያዙት፣ ገመዱንም ሳቡ። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳት አለ። ብልጭታ ከሌለ ካንዴላ ለውጡ፤ ያም ካልሆነ አይጥ የበላችውን ሽቦ ፈልጉ። እሳትም ነዳጅም ኖሮ ካልተነሣ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ማጠብ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። አንድ ነገር ለውጡ፣ ሞክሩ፣ ጻፉ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢነሣ እንኳ ያዳነውን አያውቅም።

ስለ ጣና የተለየ ነገር ልጨምር። ሐይቃችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 እጅ ያህል ያጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ከ33 ብዙም አይበልጥም። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተዘጋጀ ከሆነም ቤንዚኑ ከአየሩ ይበልጥና ካንዴላው ይጠቁራል። ይህ ሕመም አይደለም፤ ለከፍታው የሚስማማ አነስ ያለ የነዳጅ ቀዳዳ ማስገባት ነው መድኃኒቱ። ይህን ባለማወቅ ደኅና ሞተር አሮጌ ነው ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ። ደግሞም በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ የውሃ መግቢያውን ይዘጋል፣ በፕሮፔለሩም ላይ ይጠመጠማል። በእምቦጭ መካከል ካለፋችሁ ያን የውሃ ክር ደጋግማችሁ እዩ፤ ከቀጠነ ሞተሩን አጥፍታችሁ እግሩን አንሡና አጽዱት።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ጀልባዋ ከመቆሟ በፊት አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የነዳጁን ቱቦ ነቅላችሁ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ሞተሩን በርሜል ውስጥ አስነሡት። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሩ። ሞተሩን አታስተኙት፤ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ውሃውም ይንጠፍጠፍ። ባትሪውን ፍቱና በየወሩ አስሞሉት፤ በባዶው የከረመ ባትሪ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። የታንኩን ቤንዚን አውጡት። ይህ ሥራ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የእኛ ቸልተኝነት ግን የዋጋው ብዛት እንዴት እንደ ሆነ ሰምታችኋል።

በመጨረሻ ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች አንድ ቃል አለኝ። ጀልባ ለመግዛት ሲባል ሁላችሁም በደስታ ትሰጣላችሁ፤ ጀልባዋ ስትመረቅም ፎቶግራፍ ይነሣል። ለጎማ መዘውር፣ ለካንዴላ፣ ለፊልትሮ ግን ማንም ፎቶግራፍ አይነሣም። ነገር ግን ያን ሌሊት በሸምበቆው ውስጥ የጎደለን ጀልባ አልነበረም፤ የጎደለን ያ ትንሽ ጎማና ሁለተኛ መቅዘፊያ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጀልባ አንድ ሣጥን እንድታዘጋጁ እለምናችኋለሁ። በውስጡም ሁለት ካንዴላ፣ አንድ የጎማ መዘውር ከጓርኒሲዮኑ ጋር፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ድንጋይ ሲመታ ተቆርጦ ማርሹን የሚያድነው የፕሮፔለር ፒን፣ የመነሻ ገመድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና የብሎን መፍቻ ይኑር። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚንሳፈፍ ሰደርያ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ መልሕቅ ከገመዱ ጋር ይጨመር። አንድ ደብተርም ይኑር፤ ምን መቼ እንደ ተለወጠ ይጻፍበት፤ እናንተም ስትጎበኙን ጀልባዋን ብቻ ሳይሆን ደብተሩንም ጠይቁ።

የተሰጠን ዕቃ አደራ ነው። አደራን መጠበቅም ከመቀበሉ ቀን ይልቅ በተቀመጠበት ዘመን ይታወቃል። ወደ ደቅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ሄድን። ካዘኑብን እናቶች አንዲቱ ልጇን እያቀበለችኝ «ዛሬስ ደኅና ናት?» አለችኝ፤ ወደ ጀልባዋ እያመለከተች። መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞር ብዬ የውሃውን ክር አየሁ። ይወርድ ነበር።