ልጓም የሌለው ጋሪ



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ያኔ የብሪታኒያ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የነበሩት ዴቪድ ካሜሩን እስከ ሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ እስከ ኖርዌይዋ ስቫልባርድ ዘልቀው ነበር። ጉዞው የተፈጥሮ ጥበቃ በጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነው ከደብሊው ደብሊው ኤፍ ጋር ሲሆን፣ ዓላማውም የሚቀልጠውን የበረዶ ግግር በዓይን ማየት ነበር። በሰው አእምሮ የቀረው ግን የበረዶ ጋሪ ከሚጎትቱ ውሾች ጋር የተነሱት ፎቶ ነው።

ውሾች የሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ልጓም የለውም። ነጂው ከኋላ ቆሞ የጋሪውን እጀታ ይይዛል፤ ውሾቹን የሚያዘው በድምፁ፣ የሚገታቸው ደግሞ በእግሩ በሚረግጠው ፍሬን ነው። ጋሪው ታስሮ ሳለ ይጮኻሉ፣ ይዘላሉ፣ ገመዱን ይወጥራሉ። ልክ ሲለቀቁ ጸጥ! ከዚያ ወዲያ ትንፋሽና ሩጫ ብቻ። (ምክር ቤት ውስጥ እንዲህ ቢሆን ስንቱ ሥራ ባለቀ!)

በፎቶው ያሾፉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን በካሜሩን በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ብርዱን ቀምሶ ያየ መሪ ሪፖርት ብቻ ካገላበጠው ይሻላል። ደግሞም በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ሲወጣ ፓርቲያቸው ደግፏል። የሚያስተዛዝበው የኋላው ነው። በ2015 እሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ፣ መንግሥታቸው በየብስ ላይ ለሚተከሉ አዳዲስ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚሰጠውን ድጎማ ከተያዘለት ጊዜ አስቀድሞ እንደሚዘጋ አስታወቀ።