ወንዙ የሚታፈነው በመኸር ነው

እሸት ቡና ተቀብላችሁ የምትፈለፍሉ የማኅበር ሰዎች፣ በግላችሁ አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ያላችሁ፣ ግማሽ ሄክታርም ትሁን ሁለት ሄክታር ማሳ ይዛችሁ ቀይ ፍሬ የምትለቅሙ ገበሬዎች፣ የዛሬው ወሬ ከሁሉም በፊት የእናንተ ነው። ሕግ ሳያስገድዳችሁ፣ በፈቃዳችሁ፣ የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ አሟልቶ መሥራት ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚመልስ እናያለን።

ከወንዙ ልጀምር። በኅዳር ወር ከአንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቁልቁል ወርዶ የሚያውቅ ሰው ሽታውን አይረሳውም። ውሃው ጠቁሮ፣ ዳርና ዳሩ አረፋ ይዞ ይወርዳል። ከብት ቀርቦ አሽትቶ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «መርዝ ለቀቁበት» ይላል። መርዝ አይደለም፤ ስኳር ነው። የቡናው ቀይ ልጣጭና ፍሬውን የሸፈነው የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ጣፋጭ ነገር ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ይረባረቡበታል፤ ሲበሉትም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ታፍኖ ነው የሚሞተው። በዚያ ላይ ፈሳሹ ሲብላላ እንደ ኮምጣጤ ይሆናል፤ ታች ያለው ሰው ቆዳውን የሚያሳክከው፣ ሲጠጣው ሆዱን የሚያመው በዚህም ጭምር ነው።

አሁን ወሩን አስቡት። ቡና የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ጣቢያው ሌት ተቀን ሲፈለፍል፣ ወንዙ ደግሞ በየሳምንቱ እየሳሳ ይሄዳል። ቆሻሻውን የምንጨምርበት ውሃው በሚያንስበት ሰዓት ነው። በሐምሌ ሙላት ተጠራርጎ ሊሄድ ይችል የነበረው፣ በታኅሣሥ ቦታው ላይ ይቆማል። ለዚህ ነው ስለ ቡና ፍሳሽ ስናወራ በዓመት ስንት እንደተለቀቀ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተለቀቀ የምንጠይቀው።

ሒሳቡን በጣታችን እንቁጠረው። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ልጣጭ ነው። በወቅቱ 1000 ኩንታል እሸት የተቀበለች ትንሽ ጣቢያ 400 ኩንታል ልጣጭ ይተርፋታል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ውሃውም እንዲሁ፤ ውሃውን መልሶ የማይጠቀም ጣቢያ ለአንድ ኪሎ የተዘጋጀ ቡና እስከ 40 ሊትር ድረስ ሊያፈስ ይችላል። ውሃ ቆጣቢ የሚባሉት መፈልፈያ ማሽኖች ግን ይህን ወደ ጥቂት ሊትር ያወርዱታል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የናፍጣ ፓምፕ ለምታንቀሳቅሱ ሰዎች ገንዘብ መሆኑን ልነግራችሁ አያስፈልግም። አንድ በርሜል ውሃ ከወንዝ ባላወጣችሁ ቁጥር ናፍጣ አተረፋችሁ፤ ያንኑ በርሜል ቆሽሾ መልሳችሁ ከመልቀቅም ዳናችሁ።

እኔ ከጣቢያ ጣቢያ ስዞር ሁልጊዜ የምመክረው ከዚህ እንዲጀመር ነው። ስለ ምስክር ወረቀት ከማውራታችን በፊት፣ የመፈልፈያውን ውሃ ወደ ገንዳ መልሶ በዚያው ቀን ደግሞ መጠቀም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገንዳ፣ አንድ ወንፊትና አንድ ትንሽ ፓምፕ ነው። ማታ ሥራው ሲያልቅ ግን ውሃው መለወጥ አለበት፤ ያደረ ውሃ ቡናውን እንዲሸት ያደርጋል፣ ጣዕሙን ያበላሻል፣ ቀማሽ ፊትም ያዋርዳችኋል። ከዚያ ፍሳሹን ከወንዝ ራቅ ባለ ጉድጓድ ማቆየት ነው። እዚያ ሲቆይ የሚያሙለጨልጨው ሙጫ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይጋገራል፤ ይጠረጋል። ኮምጣጤነቱን ኖራ ይሰብረዋል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ደግሞ በቬቲቨር ሣር መደብ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። ቬቲቨርን አፈር እንዳይታጠብ በእርከን ላይ የተከላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሥሩ በጣም ጠልቆ የሚወርድ፣ ከብት እምብዛም የማይደፍረው ሣር ነው። በደቡብ ምዕራብ ቡና አብቃይ አካባቢዎች በየጣቢያው ጥግ እየተተከለ ፍሳሽ ሲያጣራ ዓይቻለሁ። ሣሩ ሲታጨድ ለጉዝጓዝም ለቤት ክዳንም ይሆናል። ልጣጩን ደግሞ ከአፈርና ከፍግ ጋር ደርቦ እያገላበጡ ማብሰል ነው፤ በተለይ ፖታሲየም ስላለው ወደ ቡናው እግር ሲመለስ ማዳበሪያ ነው።

እንግዲህ ይህን የሠራ ጣቢያ ኦርጋኒክ፣ ፌርትሬድ ወይም ሬይንፎረስት አሊያንስ ከሚባሉት የፈቃደኝነት ደረጃዎች ውስጥ ለአንዱ ከባዱን ሥራ ጀምሯል። ታዲያ ለምን ብዙ ሰው አይገባም? ሰዎች የሚሉኝ ሁለት ነገር ነው፤ «ዋጋው አይቻልም» እና «ወረቀቱ ለኛ አይደለም»።

ዋጋው ለአንድ ገበሬ በእርግጥ አይቻልም። አንድ መርማሪ ከሩቅ ተጠርቶ ግማሽ ሄክታር ለማየት ሲመጣ፣ ወጪው የቡናውን ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ የሚገባው በማኅበር ነው። ማኅበሩ የራሱን የውስጥ ቁጥጥር ያቋቁማል፤ ከአባላቱ መካከል የተመረጡ ሰዎች የእያንዳንዱን ማሳ ዞረው ይመዘግባሉ። የውጭው መርማሪ የሚያየው ከፊሉን ናሙና ነው። በአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ሕግ ለምሳሌ በአንድ ቡድን ውስጥ ከ2000 በላይ አባል ሊኖር አይችልም፣ ቡድኑም በሕግ የታወቀ ሰውነት ሊኖረው ይገባል፤ መርማሪው በየዓመቱ ቢያንስ 5 በመቶውን አባላት ይመለከታል። 1600 አባላት ካሏችሁ 80 ማለት ነው። የማን ደጅ እንደሚንኳኳ ግን አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለዚህ 1600ውም መሥራት አለበት። የአንዱ ስህተት ሁሉን ይነካል፤ ይህ ጭንቀትም ጥቅምም ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ይመክራል፣ ያያል፣ ይገሥጻል። እድርና ደቦ ያለው ሕዝብ ይህን ለመሥራት አዲስ ነገር አይማርም።

ወረቀቱን በተመለከተ ግን ቅሬታችሁን እጋራለሁ። በአንድ ወቅት የጎበኘሁት ጣቢያ፣ ስሙ ይቅር፣ መዝገቡ በአንድ ሌሊት ተሞልቶ ነበር። የአንድ ዓመት የውሃ ፍጆታ በአንድ ብዕር፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖረው። ከኋላ በኩል ስሄድ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ወንዙ ይፈሳል። በጣም አዝኜ ነው የተመለስኩት። መዝገብ የሚያዘው ለመርማሪ ከሆነ ማንንም አይጠቅምም። ለራሳችሁ ከሆነ ግን ትንሽ ይበቃል፤ የቀኑ እሸት፣ የቀኑ ውሃ፣ የቀኑ ናፍጣ፣ ጉድጓዱ የተጠረገበት ቀን። አሥረኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ካለች በደብተር ትያዘው፤ ከቀጠሩት አማካሪ የተሻለ ትሠራዋለች።

ገንዘቡስ? ፌርትሬድን ልውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ ዝቅተኛው ዋጋ በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው፤ ኦርጋኒክ ሲሆን 40 ሳንቲም ይጨመራል። ከዚያ ውጭ 20 ሳንቲም ፕሪሚየም ተብሎ ለማኅበሩ የልማት ገንዘብ ይገባል፣ በ60 ኪሎ ጆንያ ሲሰላ ከ26 ዶላር በላይ ነው። በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ዓለም አቀፉ ገበያ ሲወጣ ዝቅተኛው ዋጋ ትርጉም ያጣል፤ 20 ሳንቲሟ ግን አትቀርም። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ይህ ገንዘብ ወደ ገበሬው ሳይወርድ ከቀረ ማንም በፈቃዱ ሊገባ አይገባውም። ጉባኤ ላይ ተነሥታችሁ «ያለፈው ዓመት ፕሪሚየም ስንት ነበር? የት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ማኅበር ደረጃውን በአባላቱ ጫንቃ ላይ ነው የተሸከመው።

አገር ቤት ያለ ሌላ ምሳሌ ከአበባው ዘርፍ ላምጣ። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራች ላኪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 በፈቃደኝነት የሚገባበት የአሠራር ደንብ አወጣ፤ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚባሉ ሦስት እርከኖች ነበሩት። ብልሃቱ ከነሐሱ ላይ ነው። ከዜሮ የሚነሣ እርሻ ወርቁን አይቶ ተስፋ እንዳይቆርጥ የመጀመሪያውን ደረጃ ዝቅ አደረጉት። እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን በመርጨት ብቻ ከመከላከል ወጥተው፣ ሸረሪቷን የሚበሉ ደቃቅ አዳኞችን በአበባው ላይ መልቀቅ የተለማመዱት በዚያው ዘመን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 207/2003 ዓ.ም. የነሐሱን ደረጃ ግዴታ አደረገው። ቀድመው የገቡት ቀኑ ሲደርስ ሥራቸው ላይ ነበሩ፤ የቀሩት ደግሞ ተጣድፈው ነው የደረሱት።

ቡናም ላይ እንዲህ ያለው ቀን እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ምንጠራ ሕግ፣ የሚጀመርበት ቀን ቢገፋም፣ ወደ ገበያው የሚገባው ቡና እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ካልተተከለበት መሬት የመጣ መሆኑን በማሳው መገኛ ነጥብ ማስረዳት ይጠይቃል። ለአነስተኛ ገበሬ ነገሩ ከሚወራው ይቀላል፤ ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ ዙሪያውን በሙሉ መለካት አያስፈልግም፣ አንድ ነጥብ ይበቃል። ስልክ ያለው የማኅበሩ ወጣት በአንድ ቀን ብዙ ደጆችን ያዳርሳል።

ደግሞም ብዙዎቻችሁ የሚጠየቀውን ከአያቶቻችሁ ጀምሮ ትሠራላችሁ። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ከእንሰቱ ጋር፣ ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ በታች አሳድጎ ነው የኖረው፤ ያ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የጥላ ዛፍ ትከሉ የሚል ደረጃ ለእንዲህ ያለ ሰው አዲስ ሥራ አይጨምርበትም። የጎደለው የሠራውን የሚያሳይ መዝገብና የታጠበበትን ውሃ የሚያጣራ ጉድጓድ ነው።

ቡና የማታጥቡ አድማጮች፣ ጋራዥ ያላችሁ፣ ጨርቅ የምታቀልሙ፣ ቆዳ የምታለፉ፣ ለእናንተ ፈሳሹ ይለያያል እንጂ መነሻው አንድ ነው፤ ከግቢያችሁ የሚወጣውን መለካት። መሣሪያ ለማስገባት የምታስቡ ካላችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ዓ.ም. ብክለትን ለመቆጣጠር የሚያገለግል አዲስ መሣሪያ ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንዲገባ ይፈቅዳል። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ስትሄዱ ይህን አንቀጽ ጠይቁ።

ለቡና ሰዎቹ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ልሰናበት። ክረምት ላይ ጣቢያው ዝግ ነው፣ አፈሩ ለመቆፈር ለስላሳ ነው፣ የቬቲቨር ግንጥልም ዝናብ እያለ ሲተከል ይይዛል። በመስከረም ማሽኑን ስታስነሡ፣ የመጀመሪያው እሸት ከመግባቱ በፊት፣ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ከማስገቢያው ቱቦ ሥር ያዙና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። ቁጥሩን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።