«ራን» የሚሮጠው በእግሩ ብቻ አይደለም

እንግሊዝኛ የኃይሌ ገብረሥላሴን ሕይወት በአንድ ግሥ ሊያወራው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨረሰ፤ ይህ «ራን» ነው። ሆቴሎቹን ማስተዳደሩም «ራን» ነው። በ2016 ለአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ቢወዳደር፣ ያም ያው ነው። «ራን» ከታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ጋር ሲያያዝማ ሰውየው ሮጠ ወይስ ውድድሩን አዘጋጀ የሚለው ከዐውዱ ካልሆነ አይለይም። አማርኛ ለእነዚህ ሮጠ፣ አስተዳደረ፣ ተወዳደረ፣ አዘጋጀ ብሎ አራት ግሦችን ያሰልፋል።

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1928 ተጠናቅቆ ሲወጣ ረጅሙ ሐተታ የ«ሰት» ነበር፤ ማስቀመጥ ማለት ነው። በ1989 በወጣው ሁለተኛው እትም ይኸው ግሥ ወደ 430 ትርጉሞችና 60,000 ያህል ቃላት ፈጅቷል። ለሦስተኛው እትም ደግሞ ፒተር ጊሊቨር የተባለው አዘጋጅ «ራን»ን ይዞ ዘጠኝ ወር ያህል ተቀመጠ። ሲነሣ 645 ትርጉሞችን ለይቶ ነበር። ቁጥሩ ያስደንቃል እንጂ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ ከሌሎች ደቃቅ ቃላት ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው ፍቺ ሁሉ አብሮ ተቆጥሯልና።

በትምህርት ቤት የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው፦ እውነተኛው ትርጉም የእግር ሩጫ፣ የቀረው ምሳሌያዊ።

የቃሉ ታሪክ ግን ለዚህ አይመችም። ግሡ የመጣበት የጥንት ጀርመናዊ ሥር ሰውም ሲሮጥ ውሃም ሲፈስ ያገለግል ነበር። የዛሬው ጀርመንኛ ሁለቱን ለያይቷቸዋል፤ «ሪነን» ለሚፈስ ነገር፣ «ሬነን» ለሚሮጥ። እንግሊዝኛ ግን ቀላቅሎ አስቀራቸው። ስለዚህ ጉንፋን የያዘው እንግሊዛዊ አፍንጫዬ «ራን» ያደርጋል ሲል ቅኔ አልተቀኘም፤ ከጥንት የወረሰውን ፍቺ ነው የተናገረው። የቧንቧውም፣ የወንዙም ነገር እንዲሁ ነው።

ሌላው ምስጢር ሰዋስው ላይ ነው። አማርኛ ሮጠንና አስሮጠን በምዕላድ ይለያል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ያንኑ «ራን» ይጠቀማል፤ ጥንት «ኤርናን» የሚባል ለማስሮጥ የሚሆን የራሱ ግሥ ቢኖረውም ሁሉም ወደ አንድ ገቡ። በሩ የተከፈተው በዚህ ነው። ፈረስ ማስሮጥ ከተቻለ ወፍጮም ሞተርም ማስኬድ ይቻላል፤ ፋብሪካውን ያስኬደ ሰው ድርጅቱን «ራን» ያደርጋል መባሉ የግድ ነው። ባቡሩ፣ ሰዓቱ፣ ማሽኑ ተከተሉ። የእኛ የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ቃሉን ሳይተረጉሙ «ፕሮግራሙን ራን አድርገው» ይላሉ፤ ለዚህ ጥቅም ከዚያ የተሻለ አማርኛ እስኪለመድ ድረስ ሊወቀሱ አይገባም።

ከሁሉም የሚገርመው ግን የመንገዱ ነው። እንግሊዝኛ መንገድ በባሕር ዳርቻው ሥር «ይሮጣል» ይላል። አማርኛም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ «ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» ይባላል፣ መንገዱ ግን ከተኛበት ንቅንቅ አይልም። ሊዮናርድ ታልሚ የተባለው የቋንቋ ሊቅ ይህን የምናብ እንቅስቃሴ ብሎ ለይቶታል። ቲኒ ማትሎክ ደግሞ በ2004 ባሳተመችው ጥናት ነገሩን ፈተነችው። አንባቢዎች በመጀመሪያ ስለ ጉዞ የሚተርክ ታሪክ ያነባሉ፤ ቀጥሎ መንገዱ በረሃውን «ያቋርጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይቀርብላቸዋል። በታሪኩ ውስጥ ጉዞው አዝጋሚ፣ ርቀቱ ረጅም ወይም መሬቱ አስቸጋሪ ከነበረ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለመረዳት ጊዜ ይወስድባቸዋል። ጉዞው ቀላል ከነበረ ደግሞ ይፈጥናሉ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የአንባቢው አእምሮ ግን መንገዱን በምናብ ይሄድበታል። ምሳሌያዊ ፍቺ ጌጥ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ውጤት በቀላሉ የሚያልፉት አይመስልም።

ግሡ በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል እንኳ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። አሜሪካዊ ዕጩ ለምክር ቤት ሲወዳደር «ራን» ያደርጋል፣ ማለትም ይሮጣል፤ ለብሪታንያ ፓርላማ የሚወዳደረው ደግሞ በተለመደው አነጋገር «ስታንድ» ያደርጋል፣ ይቆማል። ከዚህ ተነሥተው አንዱን ሕዝብ ጥድፊያ ወዳድ፣ ሌላውን እርጋታ ወዳድ የሚያደርጉ ቀልደኞች አሉ። ቀልዱ ደስ ቢልም ማስረጃ አይሆንም፤ የለንደን ጋዜጦችም የከተማዋን የከንቲባነት ዕጩዎች ሲፈልጉ ያቆሟቸዋል፣ ሲፈልጉ ያስሮጧቸዋል።