ፀሐይን በባትሪ ሳይሆን በገንዳ ማጠራቀም
(በበጋ መስኖ ሥልጠና ላይ ለሞዴል አርሶ አደሮች የቀረበ ገለጻ)

ጠዋት በማሳው ላይ የፀሐይ ፓምፑ ያለ ቤንዚን፣ ያለ ጭስ ውሃ ሲያወጣ አይታችኋል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችሁ «ስንት ፓነል ልግዛ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ከእሱ በፊት የሚቀድም አለ። መጀመሪያ የሚለካው ጉድጓዱ ነው።

ይህን የምለው ስለተሳሳትኩ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አርሶ አደር ፓምፕ ሲያስተክል አብሬው ነበርኩ። ፓነሉን ቆጠርን፣ ቱቦውን ለካን፣ ጉድጓዱን ግን በኅዳር ሞልቶ ስላየነው አመንነው። መጋቢት ላይ ውሃው ወረደ፤ ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ተቃጠለ። ሽንኩርቱ ኮረት ሊቋጥር ሲል ደረቀ። የብድሩ ዕዳ ግን ቀረ።

ስለዚህ ጉድጓዳችሁን በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ፈትኑ። በሞተር ፓምፕ እስከ ታች ቅዱትና ስንት በርሜል እንደወጣ ቁጠሩ፤ ከዚያ ተመልሶ እስኪሞላ ሰዓት ያዙ። 20 በርሜል ወጥቶ በ4 ሰዓት ከሞላ፣ የሚያመነጨው በሰዓት 5 በርሜል ያህል ነው። ፓምፑ በደንብ የሚሠራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሌሊት የሞላው 20፣ በእነዚህ 6 ሰዓታት የሚመነጨው 30፣ በድምሩ በቀን 50 በርሜል ይሆናል። ከዚያ በላይ ዐሥር ፓነል ብትደረድሩም አታገኙም።

አሁን ወደ ማሳው እንምጣ። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ያህል ሽንኩርት፣ ፀሐይ በሚበረታበት ወቅት በቦይ ሲጠጣ የሚባክነው ተጨምሮ በቀን እስከ 20 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። ይህ በባለ 200 ሊትር በርሜል 100 በርሜል ነው። እንግዲህ 50 በርሜል የሚሰጥ ጉድጓድ ያለው ሰው ግማሽ ጥማድ ይትከል። 100 በርሜል የሚሰጥ ጉድጓድ ላለው ደግሞ ውሃውን ከ10 ሜትር ለማውጣት ከ350 እስከ 400 ዋት ፓነል ይበቃል። ጥልቀቱ 20 ሜትር ከሆነ እጥፍ ነው። ገንዳው ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ከፍታውንም በጥልቀቱ ላይ ደምሩ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ደመና ሲመጣስ? ማታ ማጠጣት ብፈልግስ? እዚህ ላይ ነው ሻጭ ባትሪ የሚያመጣው። አንድ ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ቶሎ እንዳይሞት ግን ከግማሽ በታች ማውረድ አይገባም። የቀረው 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ያንን 100 በርሜል ከ10 ሜትር አውጥቶ አይጨርስም። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሌላ መግዛት አለ። የሊቲየም ባትሪ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ለቤት መብራትና ለስልክ ትንሽ ባትሪ ይኑራችሁ፤ እሱን አልከለክልም። ለመስኖ ግን ውሃውን ራሱን አጠራቅሙ። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ገንዳ 20 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ጂኦሜምብሬን ከተነጠፈበት ውሃው አይሰርግም። ቀን ይሞላል፤ ከማሳው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ማታ በራሱ ይወርዳል። የሕዳሴው ግድብ እንኳ የሚያጠራቅመው ውሃ እንጂ ባትሪ አይደለም። ገንዳውን እጠሩት፤ ሕፃን ይገባበታል።

ስለ አተካከሉ ብዙ አልልም። የፓነሉ ፊት ወደ ደቡብ ይሁን፤ በበጋ ፀሐይዋ ወደዚያ ታዘነብላለች። ለአንድ ሜትር ርዝመት የላይኛው ጫፍ ከስንዝር ትንሽ በላይ ከፍ ይበል። የባሕር ዛፍ ጥላ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ቢያርፍ እንኳ የፓነሉን ጉልበት በብዙ ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ከዛፍ አርቁት። አቧራውን በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በንጹሕ ውሃና በጨርቅ እጠቡ። ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያቆም መሣሪያ የሌለውን አትግዙ። እኔ ያየሁትን ጥፋት የሚያስቀረው እሱ ነው።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ቤንዚን በሚገዛበት ጊዜ ሰው ሞተሩን ቶሎ ያጠፋ ነበር፤ ኪሱ ያስቆመዋል። ፀሐይ ግን ሒሳብ አትጠይቅም። ገንዳው ሞልቶ እየፈሰሰ ፓምፑ ሲሠራ የሚውልበት ማሳ አይቻለሁ፤ የጎረቤት ጉድጓድ የሚያርፈው በዚያው ውሃ ላይ ሊሆን ይችላል። እናንተ ሞዴሎች ስለሆናችሁ ጎረቤት የሚከተለው እናንተን ነው። ገንዳው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ አስገጥሙ። አንድ ሸንተረር ላይ ጉድጓድ ያላችሁም ተነጋግራችሁ ቀን ተከፋፈሉ።

ከምሳ በኋላ ወደ ሠርቶ ማሳያው ጉድጓድ እንሄዳለን። ገመድ፣ በርሜልና ሰዓት ተዘጋጅቷል፤ እናንተ ቅዱ፣ እኔ እቆጥራለሁ።