ከመገልበጥ በፊት፦ የደብር ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ ስለ ማዘጋጀት

(በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከወንበርና ከጠረጴዛ ግዥ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን በዚሁ በምዕራብ አዲስ አበባ የምናውቀው አንድ ደብር የስድስት ዓመት የክርስትናና የጋብቻ መዝገቡን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አሥር ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በስጦታ መጡ፤ ወጣቶቹም የአንዱን ዲስክ በኔትወርክ ለሌሎቹ ሊገለብጡ ተነሡ። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር በዚያው ስዊች ላይ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ አስቀድሞ ከኔትወርክ እንዲነሣ ተስተካክሎ ነበርና እንደ ሌሎቹ ተነሣ፤ የተላከውንም ተቀበለ። መሣሪያውን የመከርናቸው እኛ ነበርን፤ የጽሕፈት ቤቱን ኬብል ንቀሉ ብለን ግን አልነገርናቸውም።

ዲስክ መገልበጥ ፋይል ከመቅዳት የተለየ ነው። ዊንዶውሱ፣ የግእዝ ፊደል መጻፊያው፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ ሁሉም እንዳለ ኢሜጅ በሚባል አንድ ጥቅል ተወስዶ በሌላ ዲስክ ላይ ይሰፍራል። በተቀባዩ ዲስክ የነበረው በሙሉ ይጠፋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ብዙ ደብሮች ማሽኖቻቸውን እንደገና ማዘጋጀታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ጥያቄው የሁላችን ነው።

አንዳንዶቻችሁ የምታስታውሱት ኖርተን ጎስትን ነው። ሽያጩ በ2013 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ ለዛሬ ማሽን አንመክረውም። በነፃ ከሚገኙት መካከል ሁለቱን መርምረናል። ክሎንዚላ በታይዋን የተሠራ ሲሆን ከፍላሽ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው በመረጃ የተያዘውን የዲስክ ክፍል ብቻ ነው፤ ባዶው ቦታ አይቀዳም። ሆኖም ተቀባዩ ዲስክ ከምንጩ ማነስ የለበትም፤ የስጦታ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዲስካቸው እኩል አይሆንም። ስለዚህ ኢሜጁ ከትንሹ ይወሰድ። ፎግ የተባለው ሁለተኛው የሊኑክስ ሰርቨር ይፈልጋል፤ ማሽኖቹን በስም መዝግቦ ይይዛል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ለሌለው ደብር ግን ሸክም ነው።

ስለ ፍጥነት የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። በ100 ሜጋቢት ስዊች 20 ጊጋባይት ኢሜጅ ወደ አንድ ማሽን ለመላክ ቢያንስ 27 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ለአሥር ማሽን በተራ ቢላክ አራት ሰዓት ተኩል ነው። መልቲካስት በሚባለው መንገድ አንዱ ስርጭት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ይህን ያደርጋሉ፤ ብቻ ሁሉም በደካማው ማሽን ፍጥነት ይሄዳሉ። በዋይፋይ አትሞክሩት። ሰርቨሩንና ስዊቹን ከዩፒኤስ ጋር አገናኙ።

ብራና የሚጽፉ አባቶች እናት መጽሐፉን ሳያርሙ አይገለብጡም፤ ስሕተቱ በቅጂዎቹ ሁሉ ይዛመታልና። እዚህም እንደዚያው ነው። በምንጩ ቫይረስ ቢኖር አሥር ቫይረስ ይሆናል። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ምንጭ ከተደረገ ደግሞ የምእመናን መዝገብ በወጣቶቹ ማሽን ሁሉ ላይ ይገኛል፤ ይህ ከመጥፋቱ የማይተናነስ ጥፋት ነው። ምንጩ ምንም የግል ጽሑፍ ያልገባበት፣ በዊንዶውስ ሲስፕሬፕ የተዘጋጀ ማሽን ይሁን። ኢሜጅ የአጠቃቀም ፈቃድን እንደማያባዛም የንብረት ክፍሎች ልብ ይበሉ።

እንግዲህ ከአሥራ አምስት ያነሰ ኮምፒውተር ላለው ደብር ክሎንዚላን እንመርጣለን። ክሎንዚላ ከመጻፉ በፊት የዲስኩን ስም አሳይቶ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ በዚያ ጊዜ ሁለት ሰዎች ቆመው ያንብቡት። የጽሕፈት ቤቱ ኬብል አስቀድሞ ይነቀል። መዝገቡም በተለየ ውጫዊ ዲስክ ተቀድቶ በካዝና ይቀመጥ፤ የአንድ ወር ኢሜጅ የትናንቱን ጥምቀት አይዝም።

ያ ደብር ወረቀቱን ስላልጣለ መዝገቡን እንደገና እየጻፈ ነው። ሁለት ዲያቆናት ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጣሉ፤ እኛም በየቅዳሜው እንሄዳለን። እስካሁን የሁለት ዓመቱ ተጽፏል።