ፍርፋሪና ኮባ



የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም የወደፊቱን ዘመን ይተርካል፤ ፍርዱ ግን የሚያርፈው በዛሬው ላይ ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ቀርጾ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ያቀረበው «ክራምስ»፥ ማለትም «ፍርፋሪ»፥ ለዚህ ምስክር ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ በሚተውኑበት በዚህ ፊልም፥ ከዓለም ጥፋት የተረፉ ሰዎች የፕላስቲክ አሻንጉሊትንና የሙዚቃ ሸክላን እንደ ውድ ቅርስ ይቆጥራሉ። በርካሽ የተሸጠው ዕቃ ሠሪውንም ገዢውንም በዕድሜ በልጦ ተገኘ።

ተመልካች ይሥቅ ይሆናል፤ ለመሐንዲስ ግን ነገሩ ሥቆ የሚያልፈው አይደለም። በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ ሁለት መጠቅለያዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዱ የእንሰት ቅጠል፥ ኮባው ነው፤ ቆጮውን ከገዢው ቤት ካደረሰ በኋላ በስብሶ ወደ አፈር ይመለሳል። ሁለተኛው ፌስታል ነው፤ የጥቂት ደቂቃ አገልግሎቱን ሲጨርስ ቦይ ይደፍናል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉን ወደ መንገድ ያስወጣል፤ የዋጠውንም ከብት ይገድላል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ገድቦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ይበልጥ ጠበቅ ያለ ሕግ ጸደቀ። ይሁን እንጂ ሕግ ቢከለክልም ምትኩን የሚያበጀው ባለሙያ ነው። ስለዚህ ንድፍ ሲነደፍ «ይህ ዕቃ ሥራውን ሲፈጽም ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ከጥንካሬና ከዋጋ ጋር እኩል ይመዘን። ኮባ ይህን ጥያቄ ከመለሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ፌስታል ግን እስከ ዛሬ መልስ የለውም።