እጅና አእምሮ አብረው የተማሩበት ቤት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ትምህርታችንን የምንፈጽመው ተማሪዎች ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለው በዓል ስለ ራስ ትምህርት ቤት መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን በፈቃዳችሁ ስለ አንድ ሩቅ አገር ትምህርት ቤት፥ ስለ ተማሪዎቹ ኑሮና ከወጡ በኋላ ስላደረጉት ነገር ልንናገር አስበናል። ይህንም ያለ ምክንያት አልመረጥነውም።

ከጥቂት ወራት በፊት ከመካከላችን አንዱ ወደ ፊት የቤት ውስጥ አደረጃጀትና የቤት ዕቃ ንድፍ ለመማር እንደሚፈልግ ለአባቱ ገለጸላቸው። አባቱም «ልጄ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርሁህ አናጢ እንድትሆን ነውን?» አሉት። ጓደኛችን አባቱን ስለሚያከብር ዝም አለ። መጥቶ ሲነግረን እኛም የምንመልስለት ቃል አጣን። አባቱ ዛሬ ከእናንተ ጋር ተቀምጠዋል፤ ይህን እንድንናገርም ፈቅደውልናል። እንግዲህ ያን ጊዜ ያጣነውን መልስ ፈልገን ያገኘነው በሚከተለው ታሪክ ውስጥ ነው። የታሪኩ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ ሕዝቧ በችግር ላይ ሳለ፥ በ1919 ዋልተር ግሮፒየስ የተባለ የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ በቫይማር ከተማ ባውሃውስ የሚባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ሐሳቡም ሠዓሊውና አናጢው፥ ቀራጩና ሸማኔው በአንድ ጣራ ሥር እንዲማሩ፥ አንዱም ሌላውን እንዳይንቅ ነበር። አዲስ የገባ ተማሪ አስቀድሞ ስድስት ወር ያህል እንጨትን፥ ወረቀትን፥ ብርጭቆንና ጨርቅን በእጁ እየዳሰሰ ጠባያቸውን ያጠናል። ከዚያ በኋላ ወደ እንጨት ሥራ፥ ወደ ሽመና፥ ወደ ብረታ ብረት ወይም ወደ ሌላ የሞያ ክፍል ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሞያው ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ፤ አንዱ ሠዓሊ፥ ሁለተኛው የእጅ ባለሞያ።

ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ፤ ከጦር ሜዳ የተመለሱም ነበሩባቸው። ትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ አልምቶ በራሱ ምግብ ቤት ይረዳቸው ነበር። ችግሩ ግን ደስታቸውን አላጠፋውም። ከወረቀት የሠሩትን በነፋስ የሚያበርሩበት፥ በገዛ እጃቸው ያዘጋጁትንም ፋኖስ ይዘው ማታ በሰልፍ የሚዞሩበት በዓል ነበራቸው።

ማርሴል ብሮየር ከሀንጋሪ መጥቶ በ1920 ሲገባ እንደኛ የ18 ዓመት ወጣት ነበረ። በእንጨት ሥራ ክፍል ተማረ፤ በ1925ም የዚያው ክፍል ኀላፊ ሆነ። በዚያን ጊዜ ብስክሌት ገዝቶ ነበርና የመሪውን ብረት ሲመለከት «ይህ ቱቦ እንዲህ ከታጠፈ ስለ ምን ወንበር አይሆንም?» ብሎ አሰበ። ከዚያም ሐሳብ ዛሬ በዓለም የታወቀው የብረት ቱቦ ወንበር ወጣ። ጉንታ ሽቶልስልም በተማሪነት ገብታ የሽመና ክፍል ኀላፊ ለመሆን በቃች። እውነቱን ለመናገር ሴቶቹን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሽመና ብቻ መላክ የዚያ ትምህርት ቤት ጉድለት ነበር። ይሁን እንጂ እነርሱ ያን ክፍል ከሁሉ ይልቅ ፍሬያማ ከሆኑት አንዱ አደረጉት።

በ1925 ቫይማር ላይ የመንግሥት ገንዘብ ስለ ተቀነሰበት ትምህርት ቤቱ ወደ ደሳው ከተማ ተዛወረ። በ1926 በተመረቀው አዲሱ ሕንፃ ለተማሪዎች 28 ክፍሎች ነበሩ። መብራቱን፥ የግድግዳውን ቀለምና የቤቱን ዕቃ ያዘጋጁት የትምህርት ቤቱ የሞያ ክፍሎች ነበሩ። ተማሪዎቹ ራሳቸው በሠሩት ዕቃ ውስጥ ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን በ1932 ናዚዎች የደሳውን ትምህርት ቤት አዘጉት። በበርሊን ባዶ በነበረ የስልክ ፋብሪካ ውስጥ እንደ ገና ቢከፈትም በሚያዝያ 1933 ፖሊስ ገብቶ አሸገው፤ በዚያው ዓመትም መምህራኑ ራሳቸው ሊበትኑት ተገደዱ። ዕድሜው 14 ዓመት ብቻ ነበር። ታዲያ ትምህርት ቤቱ ሞተን? ብሮየር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሃርቫርድ አስተማረ። ማክስ ቢል በኡልም ከተማ በ1953 ሥራ የጀመረውን የንድፍ ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የፍሪድል ዲከር ታሪክ ነው።

ይህች አይሁዳዊት ከ1919 እስከ 1923 በቫይማር ተማረች። ከዚያም ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ከፍራንዝ ሲንገር ጋር በቪየና ለጠባብ ቤቶች የሚታጠፍ አልጋና ተደራራቢ ወንበር እየነደፈች፥ የሕፃናት ትምህርት ቤትም እያደራጀች ትሠራ ነበር። በ1942 ናዚዎች ቴሬዚን ወደሚባለው ማጎሪያ ወሰዷት። በዚያ የሚነደፍ ቤት አልነበረም፤ የሚታጠፍ አልጋ የሚገዛም አልነበረም። እርስዋ ግን ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚኖሩትን ሕፃናት ሰብስባ በቫይማር የተማረችውን ታስተምር ጀመር። የተጻፈበትን ወረቀት ጀርባውን፥ ቁራጩንም እያጣበቁ ይሠሩ ነበር። በየሥዕሉም ላይ ልጆቹ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር፤ በዚያ ማጎሪያ ሰው በቁጥር ይጠራ ነበርና። በጥቅምት 1944 ወደ አውሽዊትዝ ተወስዳ ተገደለች። ከልጆቹም አብዛኞቹ አልተረፉም። ከሞት የተረፉት ሁለት ሻንጣ ሥዕሎች ናቸው፤ 4500 ያህል ሲሆኑ በፕራግ ያለው የአይሁድ ሙዚየም ይጠብቃቸዋል።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሊታሸግ ይችላል። ተማሪው በእጁና በልቡ ይዞት የወጣውን ግን ማንም ሊያሽገው አይችልም። እንግዲህ ለጓደኛችን አባት በትሕትና የምንመልሰው ይህ ነው፤ ልጅዎ የተማረውን በእጁ ቢሠራበት ትምህርቱ አይባክንም፤ ይልቁንም ፍሬ ያፈራል።

ባለሞያን መናቅ በእኛም አገር የቆየ ደዌ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሞያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ገና ከአንደበታችን አልጠፋም። ጥፋቱም የአባቶቻችን ብቻ አይደለም። እኛ በዚህ ግቢ እስከ ዛሬ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንማር የነገሥታትን ስም፥ የወንዞችን ስም፥ የሩቅ ከዋክብትን ስም ሸምድደናል። ወንበሩን የሠራልንን ሰው ስም ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

ስለዚህ ከዚህ ግቢ ከመውጣታችን በፊት የእኚህን አናጢ ስም ጠይቀን ልናውቅ፥ ቤታቸውም ድረስ ሄደን ልናመሰግናቸው ተስማምተናል። ጓደኛችንም ከእኛ ጋር ይሄዳል። አባቱም አብረውን ቢመጡ ደስታችን ፍጹም ይሆናል።